ወደ ሜዳቸው ያልተመለሱት አንጥረኞች

ኦርቪል ፔትሪ በኮርዴል ከተማ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በአጭር ግራ እግሩና በረጅም ምላሱ። እግሩን ያሳጠረው በልጅነቱ የያዘው ሕመም ነው። ምላሱን ያስረዘመው ደግሞ፣ እሱ ራሱ እንደሚለው፣ እግሩ ነው። እኩዮቹ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ ኳስ ሲመቱ እሱ አጥር ላይ ተቀምጦ ማን እንደ መታ፣ ማን እንደ ሳተ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር። ኦርቪል ታሞ የቀረ ዕለት ጨዋታው ራሱ ይቀዘቅዛል ይባል ነበር።

ሲጎለምስ ይህ ወሬኛነቱ መተዳደሪያው ሆነ። ከተማይቱ ደመወዝተኛ የሆነ የቤዝቦል ቡድን ነበራት፤ አንጥረኞች ይባሉ ነበር። በራሳቸው ሜዳ ሲጫወቱ ሕዝቡ ሄዶ ያያቸዋል። ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ግን ማን ተከትሎ ያያቸዋል? በዚያ ዘመን የራዲዮ ጣቢያው ሰው ከነመሣሪያው እዚያ ድረስ መላክ አይችልም። ስለዚህ ከሩቁ ሜዳ አንድ ሰው በቴሌግራፍ ሦስት አራት ቃል ይልካል። «ሃቭራን መታ፤ አንደኛ ማዕዘን ደረሰ» ይላል፣ አለቀ። ያችን ደረቅ ወሬ ሥጋና ደም የሚያለብሳት ኦርቪል ነው። ከቤት ዕቃ መደብሩ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ባዶ የእንጨት ሣጥን በዘንግ ኳ ሲያደርግ ዱላው ኳሷን አገኛት ማለት ነው። በቆርቆሮ ውስጥ ያለ ደረቅ አተር ሲያናውጥ ሕዝቡ ጮኸ ማለት ነው። ያላየውን ደመና፣ ያላየውን ላብ፣ ያላየውን አቧራ ይናገራል። ሰሚው ሁሉ ኦርቪል እዚያ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እያወቀም ያምነዋል።

ሙያው አንድ ሕግ ነበረው። በአገር ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ እንዲህ አይነገርም። ሰው ሄዶ በዓይኑ የሚያየውን በአፍ ልንገርህ ማለት ድፍረት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በአንድ የበጋ ማብቂያ ቅዳሜ፣ አንጥረኞቹ ከተራራው ማዶ ሄደው አሸነፉ። ኦርቪል ክንዱ እስኪዝል አተሩን አናወጠና፣ «ነገ ደግሞ በዌይማር ይጫወታሉ፤ ደህና ሁኑ» ብሎ ዘጋ። አንጥረኞቹ ዌይማር አልደረሱም። አውቶቡሳቸው ተራራውን ሲወርድ መንገድ ስቶ ወንዝ ገባ። የተረፈ አልነበረም።

ወንዙ ልጆቹን አንድ በአንድ መለሰ። ሲረል ሃቭራንን ግን አልመለሰም።

እሑድ በጨዋታው ሰዓት ኦርቪልን ልማድ ጎትቶ ወደ ክፍሉ አስገባው። ቴሌግራፉ ዝም ብሏል። የጣቢያው ባለቤት ማይክራፎኑን ዘግቶ፣ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቅሎ ሄዷል። ኦርቪል እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ተቀመጠ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማ። የመጡት የሲረል እናት ሚስስ ሉድሚላ ሃቭራን ነበሩ። ባላቸውን ፋብሪካው ከበላባቸው ወዲህ ሲረልንና እኅቱን ቪልማን የሰው ልብስ እያጠቡ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሰዓቱ አለፈ እኮ» አሉት።

«ሚስስ ሃቭራን፣ እኔ…»

«ሌሎቹን አገኟቸው። ልጄን አላገኙትም። ያልተገኘ ሰው የት ነው የሚሆነው? ሥራው ላይ ነዋ። በል ጀምር።»

ኦርቪል አፉን የከፈተው ሊያጽናናቸው ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «በዌይማር ሰማዩ ጥርት ብሏል» አለ፤ እጁም ሳያዘው ዘንጉን አነሣ። በሞተው ማይክራፎን ፊት ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ዙር ተናገረ። ሲረል ሁለት ጊዜ መታ፤ አንድ ጊዜ ሳተ። ሚስስ ሃቭራን ሲጨርስ ተነሡና፣ «መሳቱ አይክፋህ፤ ትናንት እንቅልፍ አልተኛ ይሆናል» ብለው ወረዱ።

ይህ ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብሎ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ ተብሎ የተጀመረ ነገር መቼ በአንድ ቀን ያበቃል?

ማክሰኞ መጡ። ሐሙስ መጡ። ወቅቱ ሲያልቅ ኦርቪል እፎይ አለ። በሚቀጥለው ጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ የፋብሪካው ሚዛን ቤት ድረስ መጥተው፣ «ዛሬ አይደል የሚጀምሩት?» አሉት። ኦርቪል ራዲዮ ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ይሠራ ነበር። የልጃቸውን ቀብር አላደረጉም። ቄሱ ፍትሐት እናድርግ ቢሏቸው፣ «በሕይወት ላለ ሰው?» ብለው መለሷቸው። በመቃብሩ ስፍራ የአንጥረኞቹ ድንጋዮች በአንድ ረድፍ ተተከሉ፤ ከመሐል አንድ ሰው የሚያስተኛ ሣር ባዶውን ቀረ።

እንዲህ ሆኖ ኦርቪል በበጋ በበጋው ከሰዓት በኋላ፣ የፋብሪካው ፉጨት ከተነፋ በኋላ፣ ሣጥኑንና ቆርቆሮውን ይዞ ወደ ሚስስ ሃቭራን በረንዳ ይሄድ ጀመር። የሌለ ቡድን ታሪክ ሠራ። አውቶቡሱ በዚያ ታሪክ ውስጥ ተራራውን በደህና ወርዷል። አንጥረኞቹ ዌይማር አድረዋል፤ ከዚያም ወደ ላይኛው ሊግ አልፈዋል። ኦርቪል ግን ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ቡድን ማንም እንደማያምነው ያውቃል። ስለዚህ ያሸንፋሉ፣ ይሸነፋሉ። ኳስ ወርዋሪው ትከሻውን ያመዋል። ሲረል አውራ ጣቱ ተሰብሮ ይከርማል፤ እናቱም ሻማ ያበሩለታል። ጨዋታው በአገር ሜዳ የሚሆንበት ሳምንት ሲመጣ ኦርቪል የሙያውን ሕግ ያከብርና፣ «ዛሬ እረፍት ነው» ብሎ ቤቱ ይቀራል።

መጀመሪያ የሰሙት ሚስስ ሃቭራን ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ የወርዋሪው እናት «በመንገድ ሳልፍ ነው» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሌሎቹ መጡ። ልጆቻቸውን በእጃቸው አፈር ያለበሱ ሴቶች ሽንኩርታቸውን እየላጡ፣ ካልሲያቸውን እየጠቀሙ ስለ ልጆቻቸው ውሎ ያደምጣሉ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ጦርነቱ ሲመጣ ኦርቪል ተቸገረ። የዚያ ዘመን ጎረምሳ ሁሉ ዘምቷል፤ አንጥረኞቹ ብቻ እንዴት ይቀራሉ? አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ ወርዋሪው መዝመቱን ተናገረ።

እናቱ ቢላዋዋን ጣለች። «ምን አልክ አንተ አንካሳ! አንዴ የሞተ ልጅ ይመለመላል እንዴ?»

ሚስስ ሃቭራን ቀስ ብለው ዞሩ። «ሞተ ያለው ማነው?» አሉ።

የወርዋሪው እናት ቢላዋዋን አነሣችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ኦርቪልም ወርዋሪውን በማግሥቱ በዓይኑ ድክመት ከጦር ሠፈር አስመለሰው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠችው ግን ኦፓል ናት። ኦፓል የኳስ ተቀባዩ የሁበርት ሚስት ነበረች። ሁበርትን ቀብራ፣ ዓመቱን ጠብቃ፣ ሥጋ ሻጩን ኔድን አግብታለች። በረንዳው ላይ አትመጣም። አንድ ቀን ሚዛን ቤት መጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ኦርቪል፣ ሁበርትን ሽጥልኝ።»

«ምን?»

«ለሌላ ቡድን ሽጠው። ሩቅ ይሁን። ካሊፎርኒያ ይሁን።»

«ኦፓል፣ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም፤ ጨዋ ሰው ነው። ግን አንተ ‹ዛሬ እረፍት ነው› ባልክ ቁጥር አገሩ ገባ ማለት ነው፤ የጓሮው በር ይንኳኳል። ኔድ ነፋስ ነው ይለኛል። ነፋስ ጫማውን ምንጣፍ ላይ ይጠርጋል እንዴ? በአንድ ቤት ሁለት ባል አልችልም፤ አንዱንም የቻልኩት በመከራ ነው!»

ሳቀች፤ ግን በሩ መዘጋቱን ዞራ አየች። ኦርቪል በሚቀጥለው ጨዋታ ሁበርት ለካሊፎርኒያ ቡድን መሸጡን ተናገረ። በሳምንቱ ኦፓል የፖም ኬክ ጋግራ አመጣችለት። «ተኛሁ» አለችው። ኦርቪል ኬኩን አልበላውም።

ከዚያ ወዲህ ነው ምላሱን መፍራት የጀመረው። ቀድሞ እሱ ያስባል፣ ምላሱ ይናገራል። አሁን ምላሱ ይቀድማል። አንድ ቀን ሲረል እንዲመታ ወስኖ ዘንጉን አንሥቶ ሳለ፣ «ሳተ» ሲል ራሱን ሰማው። «ሲረል ሳተ። ዱላውን መሬት ላይ አስደግፎ በግራ እጅጌው የቀኝ ቅንድቡን ጠረገ።»

ሚስስ ሃቭራን ፈገግ አሉ። «በግራው ነው፤ ሁልጊዜ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስናደድበት ኖሬያለሁ። አንተ መቼ አየኸው?»

ኦርቪል ሲረል ይህን ሲያደርግ አይቶ አያውቅም። ሌላ ቀን ደግሞ ሕዝቡ እንዲጮህ ቆርቆሮውን አናወጠና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጩኸቱ አልቆመም። እንደ ሩቅ ዝናብ ጥቂት ቆየና ሄደ። ሴቶቹ ካልሲያቸውን ይጠቅማሉ፤ ልብ ያለ የለም። ወይም ልብ ያላሉት ስለለመዱት ይሆናል።

ዓመት ዓመትን ወለደ። የኦርቪል ጠጉር ሸበተ። በታሪኩ ውስጥ ሲረልም ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞላው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ፍጥነቱም ቀንሷል። ያን ጊዜ እኅቱ ቪልማ መጣች። ጠንካራ፣ ነገር የማታበዛ፣ እናቷን ለመጦር ብላ ሳታገባ የቀረች ሴት ናት።

«ኦርቪል» አለችው፣ «ሐኪሙ የእናቴ ልብ መጪውን ክረምት አይወጣም ብሏል።»

«አዝናለሁ ቪልማ።»

«ማዘኑን ተወው። እናቴ እርሟን ሳታወጣ ልትሞት ነው። አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችለትም። እኔም እሷ ስላላለቀሰች አላለቀስኩም። ይሄን ነገር አንተ ጀመርከው፤ አንተ ጨርሰው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ጡረታ ይውጣ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ አይደል? ሰው ስንት ዓመት ይሮጣል!»

«ጡረታ የወጣ ልጅ የት ይሄዳል ቪልማ?»

ጡረታ የወጣ ልጅ ወደ እናቱ ቤት ይመጣል። ሚስስ ሃቭራን በየጸደዩ መኝታ ቤቱን አናፍተው፣ አንሶላውን ቀይረው፣ መስኮቱን ከፍተው ነው የሚጠብቁት። የጓሮውን በር ነገር ቪልማም ከኦፓል ሰምታ ነበር።

«እንግዲያው ግደለው» አለች ቪልማ በመጨረሻ። «በኳስ ተመትቶ ይሙት። የሞተ ሰው ይቀበራል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦርቪል ሊገድለው ወስኖ ሄደ። ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ ቪልማ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማለች። ስድስተኛው ዙር ላይ ሲረልን ዱላ አስያዘው። የባላጋራው ቡድን ወርዋሪ ክንዱን አዞረ። ኦርቪል ቃሉን ጉሮሮው ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ «ኳሷ ጭንቅላቱን…» ሊል።

«ፈቀቅ አለ» አለ ምላሱ። «ሲረል ፈቀቅ አለ።»

እንደገና አስወረወረ። «ፈቀቅ አለ።» እንደገና። «ፈቀቅ አለ፤ ይስቃል።» ዘንጉ ከኦርቪል እጅ ወደቀ። በረንዳው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ሳያልቅ ተቋረጠ።

ሚስስ ሃቭራን ዘንጉን አጎንብሰው አነሡና ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። አልተቆጡም።

«ደክሞሃል ኦርቪል። እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስንት ዘመን ሙሉ ይሄ ቡድን ከአገሩ ውጭ ብቻ ነው የሚጫወተው። እዚህ ሲሆን ‹እረፍት ነው› ትለኛለህ። ወደ ቤቱ የማይመጣ ቡድን የት አገር አለ?»

«ሚስስ ሃቭራን፣ ሕጉን ያውቁታል። የአገር ጨዋታ አይነገርም።»

«አውቃለሁ እንጂ። እኔ ንገረኝ መች አልኩህ? ሄደን እናየዋለን።»

ሴቶቹ መርፌያቸውን አቆሙ።

«መቼ?» አለች የወርዋሪው እናት፣ በሹክሹክታ።

«ቅዳሜ» አሉ ሚስስ ሃቭራን። «ንጹሕ ልብሳችሁን ልበሱ።»

ሜዳው የፋብሪካው ነበር። አንጥረኞቹ ካለቁ ወዲህ የረገጠው የለም። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ከዳር በኩል የዛገ ቧንቧ ተከምሯል፤ የተመልካቹ ደረጃም ግማሹ ወድቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ እንደ ምድጃ ሆኖ ሳለ ሴቶቹ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ኦቾሎኒያቸውን በወረቀት ይዘው መጡ። ማንም ሳይመራቸው ያን ዘመን የሚቀመጡበትን ቦታ ያዙ። በመካከላቸው የወደቀው ደረጃ ባዶ ነው፤ እሱን እንኳ ሰው ያለበት ይመስል ይቅርታ እየጠየቁ ነው ያለፉት። ኦፓልም መጣች። ኔድ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ ተከትሏታል፤ ጥብቅ ያለ ኮሌታውን እየጎተተ ከኦርቪል አጠገብ ተቀመጠ። ቪልማ ከእናቷ ጎን ናት።

ኦርቪል ሣጥኑን ጭኑ ላይ አደረገ። ሕጉን መጣሱ ነው፤ ግን ዝም ማለቱ ይበልጥ አስፈራው። «በኮርዴል ሰማዩ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል ኦርቪል!» አለች ኦፓል ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። «የምናየውን ነው እንዴ የምትነግረን?»

ዝም አለ። ሣሩ ነፋስ ሳይኖር ቆሟል። ፌንጣ እንኳ አይጮህም።

ከዚያ የሴቶቹ ራስ ሁሉ፣ በአንድነት፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ።

ቀስ ብሎ ወደ ላይ ቀና አለ፤ ሰማይ ላይ የሆነ ነገር ተከተለ፤ ወረደ። የወርዋሪው እናት አጨበጨበች። ሌላይቱ «እሰይ!» አለች። ራሳቸው እንደገና ዞረ፤ አንዲቱ እንኳ አልቀደመችም፣ አንዲቱ እንኳ አልዘገየችም። ኦርቪል የሚያዩበትን አቅጣጫ ተከትሎ አየ። ሣር ነው። ቧንቧ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያላየውን ሲያይ የኖረ ሰው፣ ሴቶቹ ሁሉ ሲያዩ እሱ ታወረ።

ኔድ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አንተ፣ ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ተመስገን» አለ ኔድ፤ ኮሌታውን ፈታ።

ኦፓል በእጇ አፏን ያዘች። «ሁበርት ነው» አለች። «ኦርቪል፣ ሸጠኸው አልነበረም እንዴ?»

ኔድ ወደ ሜዳው አየ፤ ወደ ሚስቱ አየ። «መልሰው ገዝተውት ይሆናላ» አለ፤ ግን እጇን ሄዶ ያዘ።

«ጺሙ እንኳ ገና አልበቀለም» አለች ኦፓል። «እንዲህ ልጅ ነበር እንዴ? ኔድ፣ እኔ እኮ እናቱ እመስላለሁ።»

በዚህ ጊዜ ጭብጨባው ሳሳ። አንዲቱ ሴት እጇን አውርዳ የተሸበሸበ ጀርባውን ታየዋለች። የወርዋሪው እናት ወደ ፊት አዘንብላ ዓይኗን ታጠብባለች፤ ኦቾሎኒው ከጭኗ ይፈስሳል። ሚስስ ሃቭራን ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያዩት፤ ሲረል ይቆምበት የነበረውን ሁለተኛ ማዕዘን።

«ኦርቪል» አሉ። «ሲረል ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ ሰባት፣ ሚስስ ሃቭራን።»

«አይደለም። ሃያ ሁለት ነው።» ትንሽ ቆዩ። «ጉልበቱን አያመውም። ጣቱም ተሰብሮ አያውቅም። ከቤት ሲወጣ እንደነበረው ነው።»

ቪልማ እጃቸውን ያዘች። «እማዬ፣ ይብቃሽ፤ እንሂድ።»

«ልብሱ ደግሞ እርጥብ ነው» አሉ ሚስስ ሃቭራን። «በዚህ ሁሉ ፀሐይ ቆሞ አይደርቅም። አየሽው ቪልማ? ከእጅጌው ይንጠባጠባል። የሁሉም እንዲሁ ነው።»

ሴቶቹ አንዳቸውም አይደለም አላሉም።

ሚስስ ሃቭራን ተነሡ። ከዚያም የባርኔጣቸውን መርፌ ነቅለው፣ ባርኔጣውን ለቪልማ ሰጥተው፣ በነጭ ጠጉራቸው ፀሐዩ ላይ ቆመው ጮኹ። በእናታቸው ቋንቋ፣ ከባሕር ማዶ ይዘውት በመጡትና ለልጆቻቸው ባላስተማሩት ቋንቋ ነበር። ኦርቪል ቃሉን አላወቀውም፤ ነገሩን ግን ያላወቀ አልነበረም። ሌሎቹ ሴቶች ሄደው ከበቧቸው። ቪልማ ባርኔጣውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ስንት ዓመት የዋጠችውን በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ኔድ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ማክሰኞ ዕለት ፍትሐቱ ተደረገ። በሣጥኑ ውስጥ የሲረል የእሑድ ሸሚዝ ብቻ ነበር፤ እናቱ ጠዋት በሰከነ እጅ ተኩሰው ያጣጠፉት ደረቅ፣ ንጹሕ ሸሚዝ። ባዶው ሣር ተቆፈረ። ከተማው ሁሉ ወጣ፤ ኦርቪልም ከቀባሪው ጋር አፈር መለሰ። በለቅሶው ቤት በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ ቀረበ፤ ሰው በላ፣ ስለ ሲረል ልጅነት ተጫወተ፤ እናቱም ለመጀመሪያ ጊዜ «ነበረ» እያሉ ስለ እሱ አወሩ። ያቺን «ነበረ» ሲሰማ ኦርቪል ሊናገር ሞከረ። ምላሱ የራሱ ሆኖ ነበር፤ የሚለው ግን አላገኘም።

በሰባተኛው ቀን ሚስስ ሃቭራን፣ ቪልማና ኦርቪል መቃብሩን ጎብኝተው ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱ በሜዳው አጥር በኩል አሳለፋቸው። ፀሐዩ በርትቷል። ቪልማ ቀለል ብሏት ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ መጀመሪያ ስትቀልድ የተሰማችው ያን ጊዜ ነው።

«እንዲያው ግን ኦርቪል» አለችው፣ «የቅዳሜውን ማን አሸነፈ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ያየሁት የለ።»

«ማንም አላሸነፈም» አሉ ሚስስ ሃቭራን። የቪልማን ክንድ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ አድርገው ይራመዳሉ። «አላለቀም እኮ። ተነሥተን የመጣነው እኛ ነን፤ እነሱ እየተጫወቱ ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ምንም አይሰማም ነበር። ሦስቱም ፍጥነታቸውን ሳይጨምሩ፣ ራሳቸውንም ወደዚያ ሳያዞሩ፣ እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ ወረዱ።